ዓሣውን መልቀቅ ወይስ መጣል?

ይህን አርእስት የሚያዩ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን «የአርትስ ተማሪዎች ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ስለ ዓሣ የሚያውቁት?» ብለው እንደሚሥቁብን እናውቃለን። ይሣቁ። ዓሣ አጥማጆች ነን አላልንም። ነገር ግን አንድ ሕግ «ያዙ» ይላል ወይስ «ሥሩበት» ይላል ብሎ መጠየቅ የማጥመድ ሙያ አያሻውም፤ ማንበብ ለሚችል ሰው ሁሉ የተፈቀደ ነው። የምንናገረውም ስለ ሩቅ አገር ባሕር ነው። በጣና ላይ የሚያጠምዱ ወገኖቻችን ይህ ጭንቀት የለባቸውም፤ ጣና ጥልቅ በሚባልበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ የተያዘውም ዓሣ ለገበያ ነው እንጂ ለመለቀቅ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከካሊፎርኒያ እስከ አላስካ ባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ ጠረፍ፣ በድንጋያማው የባሕር ወለል ላይ ሮክፊሽ የሚባል የዓሣ ወገን ይኖራል። ከዚሁ ወገን አንዱ ከዓይኑ ቀለም የተነሣ «ቢጫ ዓይን» ይባላል። ይህ ዓሣ ከ100 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ለመውለድ እስኪደርስም ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እንዲህ ቀስ ብሎ የሚያድግ ፍጥረት ከልክ በላይ ከተጠመደ ቶሎ የሚተካው የለም። በ2002 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት ቢጫ ዓይን ከመጠን በላይ ተጠምዶ መመናመኑን በይፋ አስታወቀ፤ ከዚያም በኋላ በካሊፎርኒያና በኦሪገን ለመዝናናት የሚያጠምዱ ሰዎች ቢጫ ዓይን ቢያወጡ ወደ ውሃው እንዲመልሱት ተደነገገ።

መልካም ድንጋጌ ነው። ሆኖም ግን መንጠቆ ሕግ አያነብም፤ ሌላ ዓሣ ሲፈለግ ቢጫ ዓይን ተንጠልጥሎ ይመጣል። እንዴት ሆኖ እንደሚመጣም ማወቅ ያስፈልጋል። ውሃ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨምራል፤ ስለዚህ በ30 ሜትር ጥልቀት ያለ ዓሣ የሚሸከመው ግፊት በውሃው ገጽ ካለው አራት እጥፍ ነው። ዓሣው በአካሉ ውስጥ ሚዛኑን የሚጠብቅበት የአየር ከረጢት አለው። እንደ ሳልመን ያለው ዓሣ ትርፉን አየር በአፉ ሊያስወጣ ይችላል፤ የሮክፊሽ ከረጢት ግን የተዘጋ ነው። እንግዲህ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ ላይ ሲሳብ ግፊቱ ይቀልና በውስጡ የታሰረው አየር «አራት እጥፍ ልሁን» ይላል። ሆዱ ይነፋል፤ ዓይኖቹ ፈጠው ይወጣሉ፤ ጨጓራው ተገልብጦ በአፉ ብቅ ይላል።

አሁን ሕግ አክባሪው ሰው መንጠቆውን ነቅሎ ዓሣውን ወደ ባሕሩ ይወረውረዋል። ዓሣው ግን ሊሰምጥ አይችልም፤ እንደ ተነፋ አቁማዳ ተንሳፎ ይቀራል፤ የባሕር ወፎችም ይመጡለታል። አጥማጁ ሕጉን ፈጽሟል፤ ቤቱም ሲገባ «ዛሬ ሁለት ለቀቅሁ» ብሎ ያወራል። ከአንገት በላይ የሆነ ምሕረት ማለት ይህ አይደለምን?

መድኃኒቱ ደግሞ ከባድ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ባልተናገርን ነበር። ዓሣው ወደ መጣበት ጥልቀት ቢመለስ ያው ግፊት አየሩን መልሶ ያሳንሰዋል። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በየዓይነቱ አለ፤ አንዳንዱ የዓሣውን ከንፈር ይዞ ይወርድና የተወሰነው ጥልቀት ሲደርስ በግፊቱ ኃይል ራሱ ይከፈታል። እኛን ደስ ያሰኘን ግን የድኻው መሣሪያ ነው። ይኸውም የወተት ጠርሙስ የሚደረደርበት ዓይነት የፕላስቲክ ሣጥን ነው። ሣጥኑ በአፉ ይደፋል፤ በጠርዙ ክብደት፣ በጀርባው ገመድ ይታሰርበታል፤ የተነፋው ዓሣ ከሥሩ ይገባና አብሮ ይወርዳል። ከታች ሲደርስ ሣጥኑ ወደ ላይ ይሳባል፤ ዓሣው በክፍቱ በኩል ወጥቶ ይሄዳል። በአላስካ ተደርጎ በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በጥልቁ ከተለቀቁት ቢጫ ዓይኖች ከ17 ቀን በኋላ በሕይወት የተገኙት ከመቶ 98 ያህል ሲሆኑ፣ ከላይ ከተለቀቁት ግን በራሳቸው መስመጥ እንኳ የቻሉት ከመቶ 22 ያህል ብቻ ነበሩ።

በባዶ መርፌ ወግቶ አየሩን ማስተንፈስም አለ። በሠለጠነ እጅ ሲሆን ምንም ካለማድረግ ይሻላል ይባላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው በአፉ የወጣውን ጨጓራ የአየር ከረጢት መስሎት እሱኑ ይወጋል። ስለዚህ እኛ ከመርፌው ይልቅ ለሣጥኑ እናደላለን።

ወደ ሕጉ እንመለስ። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ቀይ ስናፐርና መሰሎቹ በሚጠመዱበት፣ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ ጀልባ ማውረጃ መሣሪያ ወይም መርፌ ለሥራ ዝግጁ አድርጎ እንዲይዝ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። እንዲይዝ! እንዲጠቀምበት ግን አላለም። መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሶ ትራሱ ሥር የሚያኖር ተማሪ አንብቧል እንደማይባል ሁሉ፣ ሣጥኑን ከጀልባው ጥግ ያስቀመጠ ሰውም ዓሣ አድኗል ሊባል አይችልም። አላስካ ግን ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመዝናናት የሚያጠምድ ሰው ሮክፊሽ ከለቀቀ፣ በተያዘበት ጥልቀት ወይም ቢያንስ በ30 ሜትር ላይ እንዲለቅቀው አዘዘች።

አንድ ጓደኛችን ይህን ስንነግረው «በባሕር መካከል ማን ያየዋል?» አለን። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። መሣሪያው መኖሩን ተቆጣጣሪ ወደብ ላይ ቆሞ ሊያየው ይችላል፤ መውረዱን ግን ሊያይ አይችልም። የባሕረ ሰላጤው ሕግ መያዝ ላይ የቆመውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንጠረጥራለን። ነገር ግን ሕግ የሚጻፈው ለተቆጣጣሪው ዓይን ብቻ አይደለም፤ ለሚታዘዘውም ሰው ነው። አብዛኛው አጥማጅ ክፉ አይደለም፤ የወረወረው ዓሣ የሚድን ይመስለዋል። «ያዝ» ብቻ ሲባል ይይዛል፤ «አውርድ» ሲባል ደግሞ ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ሲጠይቅም ይማራል። የተነፋ ዓሣ ከጀልባው ኋላ ሲንሳፈፍ ደግሞ የጎረቤት ጀልባ ያየዋል።

በእርግጥ የወረደው ሁሉ አይድንም፤ መንጠቆ ጉሮሮው ድረስ የገባበት፣ ወይም ፎቶግራፍ ሲነሣ ፀሐይ ላይ የቆየ ዓሣ አለ። ቢጫ ዓይን ደጋግሞ ከወጣም ስፍራውን ትቶ መሄድ ከሁሉ ይሻላል። እኛ የምንለው ግን አነስተኛ ነገር ነው፤ በባሕረ ሰላጤው ደንብ የሚያወጡት ሰዎች ጉዳዩን ዳግመኛ ሲመለከቱት «መያዝ» ከሚለው ቀጥሎ ከአላስካ ደንብ አንዲት ግሥ ይዋሱ፤ «ማውረድ» የምትለውን።