ሰሊጥ አጫጁ የት ያድራል?

ይህን እትም ለወንዶች ጤና ስንሰጥ የጀመርነው ከሆስፒታል ሳይሆን ከመተማና ከሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች ነው። የደጋው ወጣት መሬት ሲጠበው ለአረምና ለአጨዳ ቆላ ይወርዳል። ሜዳ ላይ፣ ከግራር ሥር ያድራል፤ በተሰነጠቀው ዋልካ ውስጥ የምትውለው የአሸዋ ዝንብ ሌሊት ትነክሰዋለች። ካላዛር የተባለው በሽታ የሚይዘው እንዲህ ነው፤ ካልታከመ ይገድላል። በእነዚህ እርሻዎች ታማሚዎቹ በአብዛኛው ወጣት ወንዶች ናቸው። ጥፋቱን ሁሉ በዝንቧ ላይ መጣል ግን ይከብደኛል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ቤት ለቤት እየዞረ ብዙ እናቶችና ሕፃናት ዘንድ ደርሷል። ይህ አጫጅ ወጣት ግን በቆላው ቀበሌ ቤት የለውም፤ የማን በር ይንኳኳ? ጸሐፊዎቻችን በዚህ እትም የሚጠይቁት ባለ እርሻውን አጎበርና መጠለያ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ደንብ፣ በአጨዳ ወቅትም እርሻው ድረስ የሚሄድ የጤና ባለሙያ ነው።