የይለፍ ቃላችንን የት እናኑር?

በዚህ ሰሌዳ ላይ ሐሳቤን ለመግለጽ የተነሣሁበት ጉዳይ ፓስወርድ ነው። «እሱ የኮምፒውተር ክፍል ሰዎች ጣጣ ነው» ብሎ የሚያልፍ አይጠፋም። ነገር ግን ነገ ተመርቀን በየወረዳው ስንመደብ በእጃችን የሚገባው የራሳችን ቴሌግራም ብቻ ሳይሆን የተማሪዎች ስም፣ ዕድሜና ውጤት ጭምር ነው። የመምህሩ ቁልፍ ከተሰረቀ የሚጋለጠው ምንም የማያውቀው ልጅ ነው ማለት ነው።

እስቲ አንድ ሠልጣኝ ስንት የይለፍ ቃል እንዳለው እንቁጠር። ኢሜይል አለው፤ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ የባንክ መተግበሪያ፣ ቴሌብር፣ የምዝገባ ገጽ አለው። አሥር ለመሙላት ብዙ አይቀረውም። ለአሥሩ ስንት ቃል ይጠቀማል? አንድ! እሱም የራሱ ስም ሆኖ ከኋላው 123 የተቀጠለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከተባለ የአሜሪካ ድርጅት 32 ሚሊዮን ያህል የይለፍ ቃል ተሰርቆ በወጣ ጊዜ፣ ከሁሉ በልጦ የተገኘው 123456 ነበር። ስለዚህ ይህ የእኛ ብቻ ስንፍና አይደለም። አደጋው ግን ቃሉ ቀላል በመሆኑ ብቻ አያበቃም፤ ከአንዱ ገጽ የተሰረቀውን ቃል ሌባው ወስዶ በሌሎቹ ሁሉ ይሞክረዋል። አንድ ቁልፍ አሥር ቤት የሚከፍት ከሆነ ሌባው አሥር ጊዜ መልፋት የለበትም።

(በነገራችን ላይ የይለፍ ቃል ስርቆት ከራሱ ከይለፍ ቃል ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል። ማሳቹሴትስ በሚገኘው ኤም.አይ.ቲ. ብዙ ሰው በአንድ ኮምፒውተር እንዲጠቀም በ1960ዎቹ መጀመሪያ የይለፍ ቃል ሲሠራበት፣ አላን ሸር የተባለ ተመራማሪ የተመደበለት ሰዓት ስላነሰው እ.ኤ.አ. በ1962 የሁሉንም ሰው የይለፍ ቃል ዝርዝር አሳትሞ ወሰደ። የኮምፒውተር ክፍል ሰዓት የሚያንሰን እኛ ብቻ ነን እንዴ!)

ታዲያ ምን ይሻላል? ለየገጹ የተለያየና ረጅም ቃል ማድረግ ነው። እንዲህ ያለውን አሥር ቃል ግን ማንም በቃሉ አይዝም። ፓስወርድ ማኔጀር የሚባለው መሣሪያ የመጣው ለዚሁ ነው። ሁሉንም ቃል ቆልፎ የሚያስቀምጥ ካዝና ሲሆን፣ እኛ የምናስታውሰው የካዝናውን ቁልፍ፣ ማለትም አንድ ዋና ቃል ብቻ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። «ፎቶህ እዚህ አለ» እየተባለ በሚላክ ሊንክ የተመሳሰለ የውሸት ገጽ ቢከፈትብን፣ ዐይናችን ቢታለልም እሱ አድራሻውን ፊደል በፊደል ስለሚያይ ቃሉን በራሱ አይሞላም። ሳይሞላ ሲቀር መጠራጠር ነው።

ክርክሩ ያለው የትኛውን እንምረጥ የሚለው ላይ ነው። ዋንፓስወርድ ጥሩ ነው ይባላል፤ ሆኖም በየጊዜው በዶላር የሚከፈልበት ስለሆነ ለሠልጣኝ ኪስ አይሆንም፤ እንለፈው። የጎግል ነጻ ነው፤ በአንድሮይድ ስልካችን ላይም አብሮ ይገኛል፤ ከምንም በብዙ ይሻላል። በእኛ ኑሮ ላይ ግን አንድ ጉድለት አለበት። የስልኩን መክፈቻ ቁጥር የሚያውቅ ሰው በዚያው ቁጥር ካዝናውንም ሊከፍት ይችላል። በመኝታ ክፍላችን ደግሞ የስልክ ቁጥራችንን መክፈቻ የማያውቅ ማን አለ? ሙዚቃ ለመክፈት ይወሰዳል፣ ለመደወል ይወሰዳል፣ ለታናሽ ወንድም ይሰጣል። የስልክ መክፈቻና የካዝና ቁልፍ የግድ መለያየት አለባቸው።

የቀሩት ሁለቱ ቢትዋርደንና ኪፓስ ናቸው። ሁለቱም አሠራራቸው ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ዐዋቂ የሆነ ሁሉ ሊመረምራቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ቢትዋርደን በነጻው አገልግሎቱ ስንትም የይለፍ ቃል በስንትም መሣሪያ ላይ እንድናኖር ይፈቅዳል። የተቆለፈው ካዝና በእነሱ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ ስልክ ቢጠፋ ሌላ ስልክ ላይ መግባት ብቻ ነው። ኪፓስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ የቆየ ሥራ ነው። ካዝናው አንድ ፋይል ነው፤ በስልክ ኪፓስዲኤክስ፣ በኮምፒውተር ኪፓስኤክስሲ በሚባሉት ይከፈታል፤ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አይጠይቅም።

እኔ በበኩሌ ለእኛ የሚሻለው ኪፓስ ነው እላለሁ። ምክንያቱም የምንመደብበት ትምህርት ቤት መብራትም ኔትወርክም በፈለገው ጊዜ የሚመጣበት ሊሆን ይችላል። ቢትዋርደንም ቀድሞ ገብተውበት ከሆነ ያስቀመጡትን ያለ ኔትወርክ ያሳያል፤ አዲስ ለመመዝገብ ግን ኔትወርክ ይፈልጋል። የኪፓሱን ፋይል በፍላሽ ገልብጦ አንዱን ሣጥን ውስጥ፣ አንዱን ወላጆች ቤት ማኖር ይቻላል። ጣጣውም እዚሁ ላይ ነው፤ ያልገለበጠ ሰው ስልኩ ሲጠፋ ካዝናውም አብሮ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚረሳ ሰው ቢትዋርደንን ይያዝ፤ አልጣላውም።

አንድ ተቃውሞ ዘወትር ይነሣል። «ሁሉን ነገር አንድ ሣጥን ውስጥ ከተህ ሣጥኑ ቢሰበርስ?» ይላሉ። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ላስትፓስ ከተባለው ታዋቂ ድርጅት ሌቦች የደንበኞችን ካዝና ግልባጭ ወስደዋል። የይለፍ ቃሎቹ የተቆለፉ ነበሩ፤ የገጾቹ አድራሻ ግን አልተቆለፈም ነበር። ካዝናው ከተሰረቀ በኋላ በሌባውና በባለቤቱ መካከል የቀረው ዋናው ቃል ብቻ ነው። ዋናው ቃሉ ረጅም የሆነ ሰው እፎይ ሲል፣ ቃሉ አጭር የሆነው ሰው ሁሉንም መቀየር ነበረበት። ስለዚህ መልሱ ሣጥኑን መተው ሳይሆን ቁልፉን ማጠንከር ነው።

ቁልፉ እንዴት ይጠነክራል? ሒሳብ የሚወድ ይከተለኝ። አሥር ሺህ ስም አለ ብንልና ከየስሙ ኋላ ሦስት አኀዝ ብንቀጥል የሚገኘው 10 ሚሊዮን ነው፤ ይህንን ማዳረስ ለኮምፒውተር ጨዋታ ነው። አርኖልድ ሬይንሆልድ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ዘዴ ግን እንዲህ ነው። ዳይስ አምስት ጊዜ ይወረወራል፤ የወጣው ቁጥር 7776 ቃላት ካሉበት ዝርዝር አንዱን ይመርጣል። እንዲህ እየተባለ አምስት ቃል ቢመረጥ ሊገኝ የሚችለው ብዛት 28 ተጽፎ ከኋላው 18 ዜሮ ነው። «ማንኪያ ዝሆን ቅዳሜ ጥጥ ድልድይ» ዐይነት ነገር ማለት ነው። ትርጉም ስለሌለው ያስቃል፤ ስለሚያስቅ ደግሞ አይረሳም። ተረትና ምሳሌ ወይም የታወቀ ዘፈን ግን አይሆንም፤ እኛ የምናውቀውን ሌባውም ያውቀዋል። ዕጣውን ዳይሱ ያውጣ እንጂ ሰው ራሱ አይምረጥ፤ ሰው ሲመርጥ የእናቱን ስም ነው የሚመርጠው!

እዚህ ላይ የፊደላችን ነገር አለ። በግዕዝ ፊደል የጻፍነው ሐረግ የአማርኛ ኪቦርድ በሌለው ኮምፒውተር አይጻፍም። ቢጻፍም «ፀሐይ» ብሎ የቆለፈ ሰው ነገ «ጸሀይ» ብሎ ቢሞክር አይከፈትለትም፤ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሌላ ናቸው። በላቲን ፊደል ልጻፈው ቢልም ጨንና ጠን አንዱ በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሁለት ይጽፋቸዋል። ስለዚህ አጻጻፉን አንዴ ወስኖ በወረቀት ላይ ማስፈር፣ እስኪለመድም በየቀኑ መጻፍ ነው። ዋናው ቃል ከጠፋ ድርጅቱም አያውቀውም፤ ማንም አይከፍትልንም።

በወረቀት ላይ መጻፍ ነውር ነው የሚሉ መምህር ይኖሩ ይሆናል። ብሩስ ሽናየር የተባለው የታወቀ የምሥጢር ጥበቃ ሊቅ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት ብሏል። እርግጥ የኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ መለጠፍ ሌላ ነገር ነው። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ወይም ከእኅቱ ጋር የሚጋራ ሠልጣኝ ለየገጹ የተለያየ ቃል ጽፎ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ቢቆልፍበት፣ በአንድ ቃል ከሚኖር ባለስልክ ይበልጣል።

የቀረኝ ጥያቄ ለኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊዎች ነው። በጋራ ማሽኖቹ ላይ ብራውዘሩ «የይለፍ ቃሉ ይቀመጥ?» እያለ ሲጠይቅ ብዙዎቻችን ሳናነብ «አዎ» እንላለን፤ ከእኛ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ገብቶ ያገኘዋል። ይህ ጥያቄ ጭራሽ እንዳይመጣ አድርጎ መዝጋት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ከተቻለ ደግሞ ኪፓስኤክስሲ ቢጫንልንና ከመመረቃችን በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጠን መልካም ነው። በኪፓስና በቢትዋርደን ነገር የማይስማማ ካለ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ በተለይ አማርኛን በላቲን ፊደል ስለ መጻፉ የተሻለ መላ ያለው ሰው ቢያካፍለን ለብዙዎቻችን ይጠቅማል።