ስልክና ኮምፒዩተር ይዞ በላስታ ደጋ በእግር ስለ መጓዝ

የገና በዓል በቀረበ ቁጥር ከየአገሩ ተነሥቶ ወደ ላሊበላ በእግሩ የሚገሰግሰው ሕዝብ ብዙ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። የቀድሞው መንገደኛ በሶውንና ቆሎውን ቋጥሮ፤ ጋቢውን ደርቦ፤ ዱላውን ይዞ ይነሣ ነበር። የዛሬው ግን በዚያ ላይ ስልክና ፓወር ባንክ፤ አንዳንዱም ታብሌትና ላፕቶፕ ሳይቀር ይጨምራል። ነገሩ በቤት ቀርቶ የሚጠብቀውን ቤተ ሰብ ስለሚነካ በዛሬው ዓምዳችን ልናነሣው ወደድን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኅታችን ልጅ ከጓደኞቹ ጋራ ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ላሊበላ ሲሄድ፤ ማታ ማታ ሊደውል ለእናቱ ቃል ሰጥቷት ነበር። በመጀመሪያው ማታ ደወለ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ሌሊት ድምፁ ጠፋ። እናቱ ስልኳን በጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ስታነጋ አይተናል። ልጁ ግን ምንም አልሆነም ነበር። ቀን ተራራውን ሁሉ ሲያነሣ ውሎ፤ ማታ ስልኩን በከረጢቱ የውጭ ኪስ ትቶት ቢያድር የታኅሣሥ ውርጭ ባትሪውን አፈዘዘው፤ ፓወር ባንኩም ሞልቶ ሳለ ገመዱ ተበጠሰ። ይህ ሁሉ ይሁን፤ ጓደኞቹ ስልክ ነበራቸው። የእናቱን ቁጥር ግን በቃሉ አያውቀውም! ዳዊት በቃላችን እየደገምን ላደግን ለእኛ ይህ እጅግ ደነቀን፤ ኋላ ግን ራሳችንን ብንመረምር ከሦስት ቁጥር በላይ በቃላችን አልተገኘም።

ስለ ብርዱ ጥቂት እንናገር። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ኀይሉ የሚገኘው በፈሳሽ ውስጥ ወዲያና ወዲህ በሚመላለሱ ረቂቅ ቅንጣቶች ነው። ብርድ ሲበረታ ቅንጣቶቹ ይዘገያሉ፤ ባትሪውም ሳያልቅ ያለቀ ይመስላል፤ ሲሞቅ ግን ይመለሳል። ስለዚህ ሌሊቱን ስልኩን ከልብስ ውስጥ፤ ከገላ አስጠግቶ ማሳደር ነው። ከ0 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ መሙላት ግን ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። ደግሞም ማማ በሌለበት ሸለቆ ስልኩ ምልክት ሲፈልግ ኀይሉን ስለሚጨርስ፤ በመንገድ ላይ የአውሮፕላኑን ምልክት ነክቶ ማሳረፍ ይገባል። መንገድ የሚያመለክተው ጂፒኤስ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች ስለሚቀበል ማማ አያሻውም፤ ካርታው ግን አስቀድሞ ከቤት ሳይወጡ መውረድ አለበት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደ ቆየ የሚያስታውስ ሰው ይህን ምክር አይንቀውም።

ስለ ላፕቶፕ የምንለው አጭር ነው፤ በቤቱ ይቀመጥ። ከጦርነቱ በፊት በመቄት ገደል አፋፍ በእግር ይዘዋወሩ የነበሩት እንግዶች ጓዛቸውን በአህያ ያስጭኑ ነበር፤ አህያም ከግንድ ጋራ ስትተሻሽ መስተዋት ይዛ እንደ ሆነ አታውቅም። በአሮጌው ዐይነት ኮምፒዩተር ውስጥ ደግሞ የሚሽከረከር ሳሕን አለ፤ የሚያነበው ክንድ በሳሕኑ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንዱ ወደ ሳሕኑ ስለሚቀርብ፤ አምራቾቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳይሠሩበት ይከለክላሉ። የላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ያህል ነው፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግን ከ4,200 ሜትር ይበልጣል።

ከሁሉ በፊት ከቤት ጋራ መዋዋል ያስፈልጋል። በስንት ሰዓት እንደሚደወል፤ ስልኩ ባይመጣም ስንት ቀን ሳይሠጉ መጠበቅ እንደሚቻል፤ ከጓደኞቹም የማን ቁጥር በቤት ተጽፎ እንደሚቀር አስቀድሞ ይነገር። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ መብራትና ስልክ ለወራት ተቋርጠው ነበር፤ ያን ጊዜ የስልክን ዝምታ ሞት ነው ብሎ የተረጐመ ቤት ስንት ነው።

እኅታችን በተከታዩ ዓመት ልጇ ለጉዞ ሲነሣ አልከለከለችውም። ስልኩንም አልነካችም። ጋቢውን ተቀብላ በጥለቱ ጠርዝ ላይ የስልኳን ቁጥር፤ አሥሩንም አኃዝ፤ በቀይ ክር ጠልፋ ሰጠችው።