ዳሎል ሲኦል አይደለም

«እንኳን ከሲኦል በደኅና ተመለስህ!» አለኝ አንድ ወዳጄ፣ ከዳሎል መልስ ስንገናኝ። ቀልዱ የእሱ ፈጠራ አይደለም፤ ጎብኚ የሚያጓጉዙ ድርጅቶችና የውጭ አገር ጸሐፊዎች ሲደጋግሙት የኖሩት ነው። እኔም ሄጄ እስካይ ድረስ እደግመው ነበር። ዛሬ ግን እምቢ እላለሁ።

ሙቀቱን አልክድም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው ልኬት የዳሎል አማካይ የዓመት ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነበር። ሥፍራው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ገብቶበት ሲደርቅ ጨዉን ትቶለት ሄደ። ከሥሩ ያለው የእሳተ ገሞራ ግለት ደግሞ ውኃውን እያፈላ ጨዉንና ድኙን ወደ ላይ ያወጣዋል። ቢጫው ከድኝ፣ ቀዩና ቡናማው ከብረት ዝገት ነው። ታዲያ ይህ የተፈጥሮ ሥራ ነው ወይስ የኩነኔ ምልክት?

በቀለሙ ተደንቄ ስመለስ፣ ጨው ሜዳው ላይ አፋሮች ጨው ሲቆርጡ አየሁ። አንዱ ቅርፊቱን በእንጨት ፈንቅሎ ያነሣል፤ ሌላው ቁጢጥ ብሎ ይጠርበዋል፤ ግመሎቹ ጭነታቸውን ይጠብቃሉ። ከእኛ መካከል አንዱ ካሜራውን ከሰውየው አፍንጫ ሥር ደቀነና፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠው «እነዚህ ሰዎች እንዴት ነው የሚኖሩት?» አለ። እንዴት እንደሚኖሩማ እያየ ነው፤ ሠርተው!

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአሞሌ ስንገበያይ ኖረናል። አሞሌው የተቆረጠው ከዚሁ ሜዳ ነው። የአገር ገንዘብ የወጣበትን ምድር ሲኦል፣ ያወጣውን ሰው ደግሞ የሲኦል ትርዒት ማድረግ ምን የሚሉት ምስጋና ነው?

«ስም ብቻ ነው፤ ምን ይጎዳል?» ትሉኝ ይሆናል። ይጎዳል እንጂ! ለሥራ ቦታ ጥላ፣ ንጹሕ ውኃና ሐኪም ይጠየቅለታል። ለሲኦል ግን ማን ይጠይቃል? መከራው የቦታው ጠባይ ነው ብለን አንዴ ከተስማማን፣ ሁላችንም ከዕዳው ነፃ ወጣን ማለት ነው።

ሂዱ፣ ዳሎልን እዩ። ስትደርሱ ግን ካሜራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሰላም በሉ፤ ፈቃድ ጠይቁ። ስትመለሱም ስለ ቀለሙ እንዳወራችሁ ሁሉ ስለ ሠራተኛው አውሩ። ተረታችን ጨውን «ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይለዋል። ጨዉስ ጣፍጧል፤ ያልጣፈጠው የእኛ አነጋገር ነው።