የሰርቨር ጥገና የሚፈጸመው በባለቤቱ ደጅ ነው

የንግድ ቤት ባለቤት መጋዘኑን ሲያሠራ ቍልፉን ማን እንደሚይዝ አስቀድሞ ይወስናል። ማታ የሚቈልፈውን፥ ጧት የሚከፍተውን፥ ዕቃ ቢጠፋ የሚጠየቀውን ሰው በስሙ ያውቃል። ድረ ገጹን ለገበያ ከፍቶ የያዘው ሰርቨር ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። ነጋዴው «ሠሪው ኩባንያ ይጠብቀዋል» ብሎ ይተኛል፤ ሠሪው ኩባንያ ደግሞ መጠገኛውን ካወጣ በኋላ የማስገባቱን ሥራ ለባለቤቱ ይተወዋል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ምን ያህል ጕዳት እንደሚያመጣ በ1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2001) የደረሰው ነገር በቂ ምስክር ነው።

በዚያ ዓመት አይ. አይ. ኤስ. በተባለው የማይክሮሶፍት የድረ ገጽ ሰርቨር ላይ አንድ ጕድለት ተገኘ። ጕድለቱ በነጋዴ ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው። አንድ ጸሐፊ ከውጭ የመጣ መልእክት በመዝገብ ሲገለብጥ፥ ለመልእክቱ የተወሰነው ስፍራ ካለቀ በኋላም ሳያቆም ቢጽፍ፥ ጽሕፈቱ ከሥር ያለውን የአለቃውን ትእዛዝ ይሸፍነዋል። ሠራተኞቹም የባዕዱን ቃል የአለቃቸው ቃል መስሏቸው ይፈጽሙታል። ሰርቨሩም የመጣለትን ጥያቄ ርዝመት በሚገባ ሳይለካ በማኅደረ ትውስታው ላይ ያሰፍር ስለ ነበረ፥ ከልክ ያለፈ ረዥም ጥያቄ የላከ ሰው ያለ ይለፍ ቃል፥ ካለበት አገር ሳይነሣ፥ መሣሪያውን እንደ ወደደ ሊያዝበት ይችል ነበር።

ማይክሮሶፍት ጕድለቱን ከነመጠገኛው ያስታወቀው ሰኔ 11 ቀን ነው። መጠገኛው ዋጋ አይጠየቅበትም ነበር። «ኮድ ሬድ» የተባለው ትል፥ ይኸውም ራሱን እያባዛ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ የሚሻገር ፕሮግራም፥ በሐምሌ መጀመሪያ ሳምንት ታየ። ሐምሌ 12 ቀን ደግሞ የተሻሻለው ዓይነት 14 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ359,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ያዘ። መጠገኛው ከታወጀ 31 ቀን ሆኖት ነበር። እንግዲህ እነዚያ ባለቤቶች የተጐዱት መድኃኒት በመጥፋቱ ሳይሆን መድኃኒቱን የሚያደርስ ሰው በመጥፋቱ ነው። አይ. አይ. ኤስ. ከዊንዶውስ 2000 ሰርቨር ጋር ሳይጠየቅ አብሮ የሚገባ ስለ ነበረ፥ በመሣሪያቸው ላይ መኖሩን እንኳ ያላወቁ ነበሩ።

«የእኔ ሱቅ ትንሽ ናት፥ ማን ይፈልጋታል?» የሚል ነጋዴ ይኖር ይሆናል። ትሉ ግን ሀብታምና ድኻ አልለየም፤ የኢንተርኔት አድራሻዎችን እንደ ዕጣ እያወጣ ያንኳኳ ነበር። የያዛቸውንም መሣሪያዎች በአሜሪካ ፕሬዚዳንት መኖሪያ በዋይት ሐውስ ድረ ገጽ ላይ በአንድነት እንዲዘምቱ ያዛቸው ነበር፤ ጥቃቱ የከሸፈው የድረ ገጹ የቍጥር አድራሻ አስቀድሞ በመለወጡ ነው። ደጁን ክፍት የተወ ሰው፥ ጕዳቱ በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ቤቱ የሌሎች መጕጃ ይሆናል።

የዘገየ ጥገና ደግሞ ሙሉ ጥገና አይደለም። የመጀመሪያው ኮድ ሬድ በማኅደረ ትውስታ ብቻ የሚኖር ስለ ነበረ፥ መሣሪያውን አጥፍቶ ማብራት ያስወግደው ነበር፤ ነገር ግን መጠገኛው ካልገባ ትሉ በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ይገባል። ሐምሌ 28 ቀን የተነሣው «ኮድ ሬድ ሁለት» በዚሁ ቀዳዳ ገብቶ ለሌላ ሰው የሚያገለግል የጓሮ በር ከፍቶ ይተው ነበር። ከዚያ በኋላ መጠገኛውን ማስገባት የፊቱን በር መዝጋት እንጂ የጓሮውን መድፈን አይደለም፤ መሣሪያው ጨርሶ ጸድቶ እንደ ገና መጫን ነበረበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው።

መጠገኛ በታወጀ ዕለት ቀዳዳው የት እንዳለ ለሌባውም መነገሩን ማሰብ ይገባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለው ጊዜ የሩጫ ጊዜ ነው። እርግጥ፥ መጠገኛ በችኰላ ቢገባ ሌላ ሥራ ሊያሰናክል ይችላል፤ በሥራ ሰዓት ሰርቨር ማቆምም ሽያጭ ያስቀራል። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ነገር ግን መፍትሔው መተው ሳይሆን፥ የመዝገቡን ግልባጭ አስቀድሞ መያዝ፥ መጠገኛውን በሌላ መሣሪያ መሞከርና ሱቅ በተዘጋበት ሰዓት ማስገባት ነው። ለዚህ 31 ቀን ከበቂ በላይ ነበር።

ስለዚህ አስመጪም ሆነ ላኪ፥ ባለ ሱቅም ሆነ ባለ መጋዘን፥ ሦስት ነገር በጽሑፍ ሊይዝ ይገባዋል። አንደኛ፥ በቤቱ የሚሠሩት ሰርቨሮችና ሶፍትዌሮች ዝርዝር፤ ሁለተኛ፥ መጠገኛ ሲታወጅ ተከታትሎ የሚያስገባው ሰው ስም፤ ሦስተኛ፥ እያንዳንዱ መጠገኛ የገባበት ቀን። ሥራውን ለውጭ ባለሙያ የሰጠ ነጋዴም ይህንኑ በውሉ ላይ ያስጽፍ፤ ለሚደክምበትም ሰው ተገቢውን ዋጋ ይክፈል። ሠሪው መጠገኛውን ይልካል፤ በሩን የሚዘጋው ግን የቤቱ ባለቤት ነው።