«ቲቸር፣ ስንት ልንፋው?»

ወዳጆቼ፣ በተለይ ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ፣ ይቺን ጽሑፍ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስጽፋት ሳጠፋት ከረምኩ። የሳይክል ወሬ ስለሆነ የማይመለከታችሁ እለፉት። የኋላ የአየር ሾክ ያለው ማውንቴን ባይክ የምትነዱ ግን እባካችሁ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ (ስሙን አልጠራም፣ ታሪኩን እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል) አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ፣ ከፊትም ከኋላም ሾክ ያለው ሳይክል ገዛ። ፎቶውን ላከልኝና «ቲቸር፣ የኋላው ሾክ በጣም ለስልሷል፣ ጎሚስታ ቤት ወስጄ ላስነፋው?» አለኝ። «ኧረ በፍጹም!» አልኩት። ቫልቩ ከመኪና ጎማ ቫልቭ ጋር አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ብዙ አየር በአንዴ እንዲገፋ የተሠራ ነው። ሾክ የሚይዘው አየር በጣም ትንሽ ነው፤ ግፊቱ ግን ከመኪና ጎማ አምስት ስድስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የራሱ የሾክ ፓምፕ ያስፈልገዋል። ፈልጎ ከጓደኛው ተዋሰ። «እሺ ቲቸር፣ ስንት ልንፋው?» ሲለኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሳላስብ «እኔ 200 ፒኤስአይ ነው የምሞላው» ብዬ መለስኩለት።

እኔ 82 ኪሎ ነኝ። እሱ 58 ነው።

በሳምንቱ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ የኋላው ጎማ አንድ ድንጋይ መታና እንደ ፍየል ዘለለ፤ ልጁን በመሪው ላይ አሽቀንጥሮ ጣለው። የቀኝ እጁ አንጓ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ ተቀመጠ። ሪባውንዱም ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ነበር፤ ስለ እሱ ምንም አልነገርኩትማ። ልጁ ጨዋ ስለሆነ «ፍጥነት አብዝቼ ነው ቲቸር፣ እርስዎ ምን አደረጉ» ይለኛል። ምን እንዳደረግኩ ግን አውቃለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ «መልሱን ሳይሆን አሠራሩን አሳዩኝ» እያልኩ ነጥብ ስቀንስባችሁ ኖሬ፣ በመጨረሻ እኔው መልሱን ብቻ ሰጠሁ።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር፦ በየግሩፑ የሾክ ቁጥር መጠያየቅ ይቅር። የጎበዝ ነጂ ቁጥርም ቢሆን፣ ያው ሳይክል ያለው ጓደኛ ቁጥርም ቢሆን።

ለምን? መጀመሪያ ክብደት አለ፣ እሱ ግልጽ ነው። ግን ክብደታችን እኩል ቢሆንም ቁጥሩ አይገጥምም። የእኔ ሳይክል የኋላ ጎማው 150 ሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ ሾኩ የሚገባው 55 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብታካፍሉት 2.7 ገደማ። የእሱ 120 ለ50 ነው፣ 2.4። ያው ሌቨር ነው፣ ታስታውሱታላችሁ። የእኔ ፍሬም ሾኩን የበለጠ ስለሚጫነው የበለጠ አየር ይፈልጋል። ፋብሪካው የሚሰጠው ሰንጠረዥ መነሻ ይሆናል፣ እስማማለሁ። የሚወስነው ግን ሳግ ነው፤ ማለትም እናንተ ስትቀመጡበት ሾኩ በክብደታችሁ ብቻ የሚገባው ርቀት። ለብዙው የተራራ መንገድ ሳይክል ከሾኩ ጉዞ ከ25 እስከ 30 በመቶ ጥሩ ነው። የሾኩ ጉዞ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ 30 በመቶው 15 ሚሊ ሜትር ነው።

አለካኩ ማስመሪያ እንጂ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ሄልሜት፣ ጫማ፣ ውሃ የያዘ ቦርሳ፣ ስትነዱ የምትለብሱትን ሁሉ ልበሱ። የሾኩን መቆለፊያ ክፈቱት። ግድግዳ ተደግፋችሁ ውጡና ጥቂት ጊዜ ጫን ጫን አድርጉት፣ ከዚያ ረግታችሁ ተቀመጡ። ሾኩ ዘንግ ላይ ያለችውን ቀጭን የጎማ ቀለበት እስከ ሲሉ ድረስ አስጠጓት። አሁን ሳትነቀንቁት፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ቀለበቷ ከሲሉ የራቀችውን ለኩ። ከበዛ አየር ጨምሩ፣ ካነሰ ቀንሱ። አየር ስትሞሉ በየ50 ፒኤስአዩ ቆም ብላችሁ ሾኩን አሥር ጊዜ ያህል ጫን ጫን አድርጉት። ከውስጥ ወደ ታች የሚገፋ ዋናው ክፍልና በተቃራኒው የሚስብ ትንሽ ክፍል አለ፤ ካልተካከሉ የምትለኩት ሁሉ ውሸት ነው። አንድ ሁለቴ እስክታገኙት ትደክማላችሁ፣ ከዚያ ይለመዳል።

ፓምፑን ስታላቅቁ «ጭሽሽ» ሲል የምትደነግጡ አላችሁ። ያ አየር የሾኩ አይደለም፣ የፓምፑ ቱቦ ነው። መልሳችሁ ስትሰኩት ደግሞ ጌጁ ዝቅ ብሎ ያነባል፤ ቱቦው ከሾኩ አየር ስለሚወስድ ነው። «አየር ያፈሳል» ብላችሁ ሲል ለመቀየር እንዳትሮጡ። (አንዱ መቼም ይጠይቀኛል፦ የአዲስ አበባ ከፍታስ? ባሕር ጠረፍ ላይ የተሞላ ሾክ አዲስ አበባ ላይ ቢለካ ሦስት አራት ፒኤስአይ ከፍ ብሎ ቢያነብ ነው። ኢምንት ነው፣ አትጨነቁበት።)

ወደ ሪባውንድ ልምጣ፣ ልጁን የጣለው ዋናው እሱ ነውና። አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ቁልፍ ነው። ሾኩ ከታመቀ በኋላ በምን ፍጥነት እንደሚመለስ ይቆጣጠራል። መርፌ የሌለው ስሪንጅ አፉን በአውራ ጣታችሁ ደፍናችሁ ስትጫኑት እንዴት እንደሚመልስ ክፍል ውስጥ አሳይቻችሁ ነበር፤ ቦይል ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። አየር በበዛ ቁጥር የሚመልሰው ጉልበት ይበዛል፣ ስለዚህ ሪባውንዱም ያን ያህል መዘግየት አለበት። 200 ፒኤስአይ ሞልቶ ሪባውንዱን መክፈት ማለት ወንጭፍ ላይ መቀመጥ ነው። መጀመሪያ ሳጉን ጨርሱ፣ ከዚያ ቁልፉን ሙሉ በሙሉ ዝጉና ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ክፈቱ። ኮርቻው ላይ እንደተቀመጣችሁ ቀስ ብላችሁ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ውረዱ፤ አንዴ ብቻ ነጥሮ ከረጋ ደርሳችኋል።

ስለ ጥገናው ደግሞ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። እዚህ ኮሎራዶ ከዴንቨር ወጣ ብሎ ባፋሎ ክሪክ የሚባል ቦታ እነዳለሁ፤ መሬቱ የተፈረካከሰ ግራናይት ነው፣ እንደ ሻካራ ስኳር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሾኬን አንዴም ሳልከፍተው ነዳሁ። «ይሠራል እኮ!» ነበር መልሴ። ስከፍተው ቅባቱ ጠቁሮ፣ ዘንጉ በአንድ ጎኑ ቀለሙ ተፍቆ ነጭ ብረት ወጥቶታል። የተፋቀ ዘንግ አዲስ ሲል ቢገባለትም መልሶ ይበላዋል። ጥቂት ዶላር የሚያወጡ ሲሎችን በጊዜው ባለመቀየሬ የሾኩን ግማሽ ዋጋ ከፈልኩ። ሮክሾክስ የአየር ክፍሉን በየ50 ሰዓቱ፣ የዘይቱን ክፍል በየ200 ሰዓቱ አሠሩ ይላል። ፎክስ በዓመት ወይም በየ125 ሰዓቱ ሙሉ ሰርቪስ ይላል። እኔ እንደማየው አቧራማ ቦታ የሚነዳ ሰው 50 ሰዓቷን ባያሳልፋት ይሻለዋል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ደግሞ ዘንጉን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ መኪና እጥበት ቤት ያለውን ፕሬሸር ሲሉ ላይ አታስደርጉ።

የአየር ክፍሉን ራሳችሁ ልትከፍቱት ትችላላችሁ፤ መመሪያውን ያነበበና እጁን ያጠበ ሰው ይሠራዋል። ሁለት ነገር ግን ለምኛችኋለሁ። አየሩን በሙሉ ሳታወጡ ምንም ነገር እንዳትፈቱ። ሾኩ ታምቆ ተቀርቅሮ አልመለስ ካለ ደግሞ በጭራሽ አትንኩት፤ ቫልቩ ባዶ ቢመስልም አየሩ ውስጥ ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ ስትፈቱት እንደ ጥይት ይወጣል። የዘይቱን ክፍልም ለባለሙያ ተዉት፣ ብዙዎቹ ውስጥ ናይትሮጅን በከፍተኛ ግፊት አለ።

የልጁ ጀሶ ተፈቷል። ባለፈው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ዘመድ ሻንጣ የሾክ ፓምፕና ለሾኩ ሞዴል የሚሆን የሲል ኪት ላክሁለት፣ ከአንዲት ትንሽ ማስመሪያ ጋር። ትናንት ማታ ደወለልኝ። ግድግዳ ተደግፎ ሲወጣ ሲወርድ እናቱ ምን ሆነህ ነው እያሉ ሲስቁበት እንደዋሉ አጫወተኝ። «15 ሚሊ ሜትር ገባ ቲቸር» አለኝ። ስንት ፒኤስአይ ላይ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።