ከለቅሶው በኋላ

በካትሌሆንግ ስፓዛ (የሰፈር ሱቅ) ይዛ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እህታችን ስትጨነቅ፣ «አይዞሽ፣ አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ» እንላታለን። እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ ምሰሶ ሲጎብጥ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለተጫነበት ነው።

በሜይ 2008 (እ.ኤ.አ.) በጆሃንስበርግ ዙሪያ በተነሣው ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሴፕቴምበር 2019 የካትሌሆንግ ሱቆችም ተዘረፉ። በኖቬምበር 2024 ደግሞ፣ ሕፃናት በተመረዘ ምግብ ከሞቱ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ራማፎዛ ስፓዛዎች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዙ፤ ቀነ ገደቡ እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 ተራዘመ። ለምዝገባ ስትሰለፍ ሱቁን ማን ይጠብቅላት? የልጆች ድጎማስ? ጥገኝነቱ ለጸደቀለት ስደተኛ ይሰጣል፤ ማመልከቻው ገና በእንጥልጥል ላለ አይሰጥም። እንዲህ የሰነበተች እናት ማታ በልጇ ላይ ብትጮህና ኋላ ብቻዋን ብታለቅስ ምን ይገርማል?

እድሮቻችን ሬሳ አገር ቤት ለመላክ ያዋጣሉ፤ የሚያኮራ ነው። ሟች ከተሸኘ በኋላ ግን የሚስቲቱን በር የሚያንኳኳ ጥቂት ነው። በሳምንት አንድ ቀን አንዱ ሱቋን ቢይዝላት፣ ሌላው ልጆቹን ከትምህርት ቤት ቢያመጣላት፣ ስለ እንቅልፏና ስለ ሐኪም የምንመክራትን የምትሰማበት ፋታ ታገኛለች።